በሳድስ የሰማሁት

ታኅሣሥ 20

ከትምህርት ቤት ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ ደብተር ነው ይሄ። ስድስት ወር ባዶውን ተቀመጠ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተማሪ ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬ የራሴን ለመጻፍ ፈራሁ መሰለኝ...

ዛሬ ያው ነው። ብርድ። ወይኑ ቅጠሉን ጨርሶ አራግፏል። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የመግረዣ መቀሱን ሲስል ዋለ። አጠገቡ ሽቦ። ሽቦ ጎረቤታችን ነው። ወይኑ የሚደገፍበትን ሽቦ የሚወጥረው እሱ ነው፣ ራሱም ቀጭን ነው፣ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም። ሁለቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው ገርዘዋል። ነገ ግን ሽቦ ሴት ልጁ ጋ ሊሄድ ነው። ልትወልድ ደርሳለች፣ ቶሎ አይመለስም።

"ዘንድሮስ ታችኛውን ማሳ ቀድማችሁ ብትገርዙት ምናለበት?" አልኳቸው። በየዓመቱ የምለው ነው። ላይኛውንና መሐከለኛውን ይጨርሱና ታችኛውን እስከ መጋቢት መጨረሻ እንደጎፈረ ይተዉታል። መንገድ ዳር ነው ደግሞ። አላፊ አግዳሚው ያየዋል፣ ያሳፍራል።

"ይተኛበት፣ ምን ቸገረሽ?" አለ ባለቤቴ።

"የሚተኛው እሱ ነው ወይስ አንተ?"

ተያይተው ሳቁ። "ቲቸር ተቆጣች" ይላል ደግሞ። ቤት ውስጥም ቲቸር ነው የሚለኝ፣ ሰውዬው። ይሳቁ። መግረዝ የነሱ ነገር ነው፣ እኔ ማሳ የምገባው ትምህርት ሲዘጋ ለለቀማ ብቻ ነበር።

ታኅሣሥ 27

ወደቀ። መቀሱን እንደያዘ። ላይኛው ማሳ፣ አራተኛው መስመር ላይ።

ጥር 3

ስትሮክ ነው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም። ምላሱም ተሳስሯል። ሐኪሙ "አንዳንድ ቃል ሊመለስለት ይችላል፣ ታገሱት" አለኝ። ሰባ ሕፃን ባንድ ክፍል ላስተማረች ሴት ስለ ትዕግሥት ይነግራታል...

ልጃችን ከፋርማሲዋ ፈቃድ ወስዳ አጠገቡ ናት። ቤቷ ለሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ከኛ ቤት ግን በአውቶብስ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። በሳምንት ሁለቴ እመላለሳለሁ። ዛሬ ግራ እጁን ያዝኩት፣ ጨበጠኝ። አጨባበጡ ያው የድሮው ነው። ስመለስ አውቶብስ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ምንም ሳትጠይቀኝ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ።

ጥር 12

ማሳውን ማን ይገርዝ? ሽቦ የለም። የቀን ሠራተኛ ባመጣ ያበላሸዋል። እኔስ? ትርፍ ቃል እየሰረዝኩ አይደል እንዴ የኖርኩት? ከየቅርንጫፉ ሁለት ዓይን ትቶ ሌላውን መቁረጥ ነው፣ ሲሠሩ አይቻለሁ። ዓይን የሚሉት ቅጠሉም ፍሬውም የሚፈነዳባትን እብጠት ነው።

ከታችኛው እጀምራለሁ። ሁልጊዜ ሲቀር የኖረው እሱ ነው፣ ዘንድሮ አይቀርም። እናቱ የተከለችው ማሳ ስለሆነ ከሁሉ አብልጦ ይወደዋል። ድኖ ሲመጣ ከአውቶብስ እንደወረደ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ተገርዞ፣ ጸድቶ... ያን ጊዜ ፊቱን ማየት ነው የምፈልገው።

ጥር 19

ስምንት መስመር። እጄ ውሃ ቋጠረ።

ጥር 27

ሃያ ሁለት መስመር። ወገቤ የኔ አይደለም። ግን ምን ዓይነት ቀን ነው! ፀሐይዋ ወጥታ ያለ ሹራብ ዋልኩ። በዚህ ወር እንዲህ ሞቆ አላውቅም። እግዜር አዘነልኝ መሰለኝ።

የካቲት 2

ጨረስኩት! አርባ መስመር፣ ብቻዬን፣ በስልሳ ዓመቴ። መንገዱ ላይ ቆሜ አየሁት። እንደ ተማሪ ደብተር መስመር በመስመር ነው። እስኪያልቅ ደብቄው ነበር፣ ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ። እስኪነጋ ቸኩያለሁ።

የካቲት 3

ባልሄድኩ።

ገና ከበሩ "ታችኛውን ጨረስኩልህ! ሙሉውን!" አልኩት። እጄን ዘርግቼ ቁስሉን አሳየሁት። ዓይኑ ፈጠጠ። አፉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪሙ ይመለሳል ያለው ቃል ሊመጣ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጆሮዬን አፉ ላይ አደረግኩ።

"ሰ... ሰነፍ..." አለኝ። "ሰነፍ... ኡ... ሰነፍ... ኡ..."

"ማን? እኔ?"

በግራ እጁ የአልጋውን ብረት ይመታል። ፊቱ ቀልቷል። "ሰነፍ!" ያንኑ። ወር ሙሉ ምላሱን ጠብቄ፣ የፈታው ለዚህ ነው? እጄ እንዲህ ሆኖ? ልጄ ሻይ ልትገዛ ወርዳ ነበር፣ እንኳን አልሰማች። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ሳልስመው።

የካቲት 6

ልጄ ደወለች። "እማዬ ነይ፣ ይፈልግሻል። በሩን ነው የሚያየው።"

"ለምን? ጎበዝ ጎበዝ ነርሶች አሉ አይደል?" አልኳት።

"ምን ማለት ነው?"

"ምንም። ጉንፋን ይዞኛል።"

ምን እንዳለኝ ልነግራት አልቻልኩም። አፈርኩ። አኩርፌያለሁ... በዚህ ዕድሜ፣ በታመመ ሰው ላይ። አውቃለሁ ታሟል፣ አእምሮው ተነክቷል። ግን ስንት ቃል እያለ ለምን ያቺን? በጉብዝናዬ አይደል የሚያውቀኝ?

የካቲት 9

ሽቦ መጣ። ወንድ ልጅ ተወልዶላቸዋል። መንገዱ ላይ ቆሞ ታችኛውን ማሳ ሲያይ አገኘሁት።

"ቲቸር... ማን ገረዘው?"

"እኔ ነኛ።"

"ሁሉንም? እርስዎ?"

"ሁሉንም።"

ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። "እሺ... ደግ ነው" አለ። ሌላ ምንም የለም። "ጎበዝ" ቢለኝ ምን ነበረበት? ቅናት ነው። ሴት ገረዘችው ብሎ ነው። ላይኛውንና መሐከለኛውን ከነገ ጀምሮ አብረን እንጨርሳለን። እሱ ወደ ሆስፒታሉ ሊሄድ ነበር፣ "መንገደኛ ነኝ፣ ትንሽ ልረፍ" አለ። እኔም ነገ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ... እሺ፣ በሚመጣው ሳምንት።

የካቲት 14

ሞተ።

ዛሬ ልሄድ ነበር። ጫማዬን እያደረግኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሌሊቱን ስትሮኩ ድጋሚ መታው። አንዱን እግሬን ጫማ፣ አንዱን ባዶ አድርጌ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም።

የካቲት 28

ሰው ሁሉ ሄደ። ቤቱ ሰፋ።

ልጄ ከመሄዷ በፊት ወጥ ቤት በር ላይ ቆመች። "አስራ አንድ ቀን፣ እማዬ" አለችኝ። ይቺን ብቻ። አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ምን ልበላት? አባትሽ ሰድቦኝ ነው? ሊሞት ባለ ሰው አኩርፌ ነው? ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ለኔ የመጨረሻ ቃሉ "ሰነፍ" ሆነ። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖረን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋው ሞቶም የተወጋ አይረሳም ለካ። እናደድበታለሁ፣ ከዚያ አለቅስለታለሁ፣ ከዚያ እንደገና እናደዳለሁ። አንድ ቀን ውስጥ።

መጋቢት 16

ታችኛው ማሳ ፈነዳ! ከሁሉ ቀድሞ። ላይኛው ገና ደረቅ ነው፣ የኔ ግን አረንጓዴ ጥፍር የምታክል ቅጠል አውጥቷል። አየህ? አልኩት። ጮክ ብዬ፣ ማሳው መሐል። ሰነፍ ነኝ? በል እይ!

ሽቦ አብሮኝ አልተደሰተም። ሰማይ ሰማዩን ያያል።

መጋቢት 29

ውርጭ።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ የለም፣ ሽቦ ሲቁነጠነጥ ዋለ። ጎህ ሲቀድ በሬን መታ። ስደርስ ውርጩን ለመከላከል እርጥብ ገለባ እያነደደ ታችኛውን ማሳ ጭስ ሊያለብስ ይሮጣል። ጥቂት ቦታ ነው ጭሱ የያዘው። ሣሩ ነጭ ነው፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ወጣች፣ ነጩ ቀለጠ። ያ አረንጓዴ ሁሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠቆረ። በእጄ ስነካው እንደ ተቀቀለ ጎመን ሟሟ። ላይኛው ምንም አልሆነም። መሐከለኛውም።

"ለምን ይሄ ብቻ?" አልኩ። "ለምን?"

ሽቦ መሬት ላይ ተቀመጠ። እጁ ጥላሸት ነው።

"ቲቸር፣ ውርጭ እንደ ውሃ ነው። ቁልቁል ይወርድና ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። እዚህ ነው የሚተኛው። የተገረዘ ወይን ደግሞ ቶሎ ይነቃል። ያልተገረዘው ይዘገያል። ለዚህ ነው የምናቆየው። ውርጩ እስኪያልፍ ተኝቶ እንዲያሳልፈው ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ተቆርጦ ካለቀ በኋላ? እሱ እዚያ ተኝቶ፣ እርስዎ እጅዎ ቆስሎ? የማይመጣበት ዓመትም አለ። ዘንድሮን ይለፈን ብዬ ዝም አልኩ።" አፍንጫውን በክርኑ ጠረገ። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቲቸር። አገር ሁሉ የሚያውቀውን... እኔና እሱ ታችኛው ብለነውም አናውቅ። 'ሰነፉ' ነው ስሙ። ሰነፉን እንዳትቀሰቅሰው እንባባላለን። ሰነፉ ነቃ ወይ እንባባላለን። ይኸው ሠላሳ ዓመት።"

ሌላም ተናገረ። አልሰማሁትም።

መጋቢት 30

ሰነፍ አይደለም ያለኝ። ሰነፉ ነው።

ፍ አይደለም፣ ፉ ነው። ሳድስ አይደለም፣ ካዕብ ነው። ያቺ "ኡ" የሕመም ናት ብዬ ተውኳት። የቃሉ ነበረች። ተጎትታ፣ ተቆርጣ፣ በዚያ በተሳሰረ ምላሱ ግን ነበረች። ሁለቴ ሦስቴ ደገማት። ለኔ ቢሆንማ "ሰነፏ" ይል ነበር። ለሴት። አራተኛ ክፍል የማስተምረው ነው! ስንት ሕፃን በዚህች ነጥብ ቀንሼበታለሁ? "ሆሄ አትዋጥ" እያልኩ ጆሮ ስቆነጥጥ ኖሬ፣ ባሌ አንዲት ሆሄ ብትከብደው...

ሰነፉን ገረዝሽው? ሰነፉን ቀሰቀስሽው? ይህን ነው ያለኝ። ብረቱን የመታው ተናዶብኝ አይደለም። ፈርቶ ነው። የእናቱ ማሳ ሊቃጠል መሆኑን እሱ ብቻ ያውቃል፣ አፉ ግን እምቢ አለው። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ልጃችን የተወለደችበት ዓመት ትዝ አለኝ። ውርጭ ሸለቆውን ሁሉ ጠርጎት፣ ጎረቤት ባዶ ቅርጫት ይዞ ሲመለስ የኛ ታችኛው ማሳ እስኪጎብጥ አፈራ። "ዕድለኞች ነን" ብዬ ስዘል፣ ሰውዬው ሕፃኗን እንዳቀፈ ፈገግ ብሎ ሰማኝ። ያኔ እንኳን አልነገረኝም። ምናለ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳን ብትነግረኝ አንተ ሰው? ቲቸር አታውቅም ብሎ መሳቅ ይሻላል?

እሱን መውቀሴ ነው ደግሞ። ኧረ ተይኝ።

ሚያዝያ 8

ለልጄ ደወልኩ። "የምነግርሽ ነገር አለ።"

"ሥራ ላይ ነኝ እማዬ።"

"ማታስ?"

"አላውቅም።"

ግንቦት 20

ሽቦ አንድ ነገር አሳየኝ። ከተቃጠለው ዓይን ጎን ሌላ ትንሽ ዓይን አለ። ተደብቃ። ትልቁ ሲሞት እሷ ትወጣለች። ቅጠል ታወጣለች፣ ፍሬዋ ግን እዚህም እዚያም ነው፣ ዘግይቶም ነው የሚደርሰው። ታችኛው ማሳ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። ከሩቅ የሚያየው ምንም የሆነ አይመስለውም።

እኔንም ሰው "በረታሽ" ይለኛል።

ሐምሌ 15

ሙቀት። ሐምሌ ሆኖ ከአንድ ወር በላይ ጠብታ የለም። ላይኛው ማሳ ደስ ብሎታል፣ ዘለላው መጥቆር ጀምሯል። እያንዳንዱ ዓመት የየራሱ ዓመል አለው ይል ነበር ሰውዬው። የበረዶው ዓመት አለ፣ ግማሹ ፍሬ በሩብ ሰዓት መሬት ላይ ተበተነ። የሐሩሩ ዓመት አለ፣ ፍሬው ከአተር አልበለጠም፣ ወይን ጠጁ ግን ፍሬያችንን የሚገዛው መጥመቂያ ቤት ካያቸው ሁሉ የበለጠ ነበር ይባላል። የዝናቡ ዓመት አለ፣ ለቀማ ላይ ዘንቦ ፍሬው ተሰነጠቀ። "አየሩን አትጣይው፣ እየው ብቻ" ይለኛል። እኔ መቼ አይቼ? ደብተር ላይ አቀርቅሬ።

የዘንድሮው ዓመት ስሙ ማን ይባል? ለሽቦ "የውርጩ" ነው። ለኔ ሌላ ነው።

ነሐሴ 26

ደመና ከበደ። ላይኛውንና መሐከለኛውን በሦስት ቀን አጣድፈን ለቀምን። ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። መጥመቂያው ሰው ልኮ "የት ነበር ይሄ?" ብሎ አስጠየቀ። ታችኛው ግን ገና ጎምዛዛ ነው። ብንለቅመው ኮምጣጤ ነው፣ ብንተወው ዝናብ ነው። ተውነው። ዘነበ። አራት ቀን።

"ዓመቱ ሰነፉን ጠምዶታል" አለ ሽቦ።

"ዓመቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።"

ፌስታል ውስጥ ዳቦ ነበረው፣ ቆርሶ ሰጠኝ።

መስከረም 14

ጠዋት ከታችኛው ማሳ የተረፈውን ልንለቅም ወጣን። አውቶብሱ መንገዱ ላይ ቆመ። ልጄ ወረደች። ሽቦ ደውሎላት ኖሯል፣ ለኔ ሳይነግረኝ። አቀፈችኝ፣ ግን እንደ እንግዳ። ቅርጫትና መቀስ አንስታ ሌላ መስመር ገባች።

እንዲህ ይቀለኛል ብዬ፣ በቅጠሉ ማዶ ሆና ፊቷ ሳይታየኝ ነገርኳት። ሁሉንም። ማሳውን እንደገረዝኩ፣ ጆሮዬን አፉ ላይ እንዳደረግኩ፣ "ሰነፍ" እንደመሰለኝ፣ እንዳኮረፍኩ። የማሳው ስም ምን እንደሆነ። "አስራ አንዱ ቀን ይኸው ነው ልጄ። ስድብ መስሎኝ ነው። አታባብይኝ፣ ጥፋቴን አውቀዋለሁ" አልኳት።

የመቀሷ ድምፅ ቆመ። ሄደች ብዬ ቅጠሉን ገለጥኩ። መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ቅርጫቷ ተደፍቷል።

"ለኔም ይለኝ ነበር" አለች።

"ምን?"

"ያንኑ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት፣ መስኮቱን ያይና 'ሰነፍ... ሰነፍ...' ይለኛል። ዘግይቼ የከፈትኩ መሰለኝ፣ እማዬ። ፀሐይ ፊቱ ላይ እስኪወጣ ተኛች ብሎ የተቆጣ። በነጋታው ቀደም አድርጌ ከፈትኩ። አሁንም አለኝ። ከዚያ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ መክፈት ጀመርኩ፣ እንዲደሰትብኝ። ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም። ያን ጊዜ ነው የሚያለቅሰው።" እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። "ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ በኔ አዝኖ ነው የሞተው ብዬ..."

ሰማዩን ሊያይ ነበር። ጠርቷል ወይ፣ ደምኗል ወይ፣ ሰነፉ ምን ሆነ... በየቀኑ ስለ ማሳው ጠይቋል። እሷም ተሰደብኩ ብላ ውጣ ያዘችው፣ እኔም ተሰደብኩ ብዬ ቀረሁ። አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ሦስታችን ባንዲት ቃል ተለያየን...

ቁጭ አልኩ አጠገቧ። ጭኔ ላይ ተኛችልኝ፣ እንደ ድሮው። ጭቃ ላይ ነን፣ ሁለታችንም ግድ አልሰጠንም። ሽቦ ከሩቅ አየንና ጀርባውን አዞረ፣ ከመስመሩ ጫፍ ብቻውን ይለቅም ጀመር። ከታችኛው ማሳ አራት ሳጥን ወጣ። በደህናው ዓመት ዘጠና ይሞላ ነበር።

ልጄ ሳምንቱን እዚህ ናት። ፋርማሲው ፈቅዶላታል። ጓዳ ውስጥ ሳህን ታጥባለች፣ ድምፁ ይሰማኛል። ይቅር በለን የምንለው ሰው የለም። እርስ በርስ ተባባልን።